ዘር ስንቆጥር የዘለልናቸው

ባሌ ውስጥ ዘር መቁጠር በልጅነት የሚያዝ ትምህርት ነው። የአርሲ ኦሮሞ ልጅ፣ ከሲኮም ይሁን ከመንዶ፣ ገና ጥጃ ሲጠብቅ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም እያከታተለ እስከ ጎሳው መነሻ መድረስን ይለምዳል። ጊኒርና ጎባ የሚኖረው አማራም ለጋብቻ ሲጠያየቅ በእናትም በአባትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ሁለቱም ዘንድ አሥርና ከዚያ በላይ ትውልድ ሳይሳሳቱ የሚዘልቁ አዛውንቶች አይጠፉም። «አባትዎ በምን ሞቱ? የአባትዎስ ወንድም?» ብሎ ለጠየቃቸው ግን መልሱ ያጥራል። «ሆዱን ታሞ።» «ከስቶ ከስቶ።» «ደም እያስቀመጠው።» ከዚያ በላይ የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ አጭር መልስ ነው። ምክንያቱም ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ ተላልፎ፣ ትልቁን አንጀት በፖሊፕ የሚሞላና ሰውን በጎልማሳነቱ የሚወስድ ካንሰር አለ። በጊዜ ከተደረሰበት ሊከላከሏቸው ከሚቻሉት ካንሰሮች አንዱ ነው። ለመድረስ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው መሣሪያ ሳይሆን የቤተሰብ ትዝታ ነው። በትዝታ ማን ይበልጠናል?

ፖሊፕ ማለት ከአንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ እንደ ትንሽ እንጉዳይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አብዛኛው ምንም ሳያደርስ ይኖራል። አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ግን አንዳንዱ ቀስ እያለ፣ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ወስዶ፣ ወደ ካንሰር ይለወጣል። በዘር የሚመጣው ችግር በዋነኛነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ፋሚሊያል አዴኖማተስ ፖሊፖሲስ ይባላል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ይጀምርና አንጀቱን በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠር ፖሊፕ ይሸፍነዋል፤ ካልታከመ ሰውየው 40 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ካንሰር መያዙ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ሊንች ሲንድሮም ነው። በእሱ ፖሊፖቹ ጥቂት ናቸው፤ ወደ ካንሰር የሚለወጡት ግን በአሥር ዓመት ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ሴቶች ላይ ደግሞ የማህፀን ካንሰርን ሊያስከትል ይችላል። በሁለቱም ዓይነት ከወላጆች አንዱ የተበላሸውን ዘረ-መል ከተሸከመ፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ሳንቲም እንደ መወርወር ያለ ነው፣ ወንድ ሴት፣ በኩር መጨረሻ ብሎ አይመርጥም።

በአገራችን የአንጀት ሕመም ታሪክ ለረጅም ዘመን የትል ታሪክ ነበር። ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ ኮሶ ይይዘዋል፣ ኮሶ ይጠጣል። የኮሶ ዛፍ በባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ አካባቢ ሳይቀር፣ ቀይ አበባውን አንጠልጥሎ ይታያል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን በቆየባቸው ዓመታት ዛፉንና መድኃኒቱን ጽፎ ለአውሮፓ አስተዋውቋል። ከዚህ ልማድ የወረስነው አንድ ሐሳብ አለ፤ የሆድ ሕመም ማለት ውስጥ የገባ ነገር ነው፣ ፈውሱም ጠርጎ ማውጣት ነው የሚል። ስለዚህ ደም ሲታይ በመጀመሪያ ኮሶ ይባላል፣ ቀጥሎ አሜባ፣ ቀጥሎ ኪንታሮት። ለሦስቱም መድኃኒት የሚሰጥ አይጠፋም፤ ከፋርማሲም፣ ከገበያም፣ ከጎረቤትም ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ግምቱ ልክ ስለሚሆን ሰዉን አልወቅስም። ያን ጊዜ ሁሉ ግን አንጀት ውስጥ ከገላው የበቀለ ሌላ ነገር ላለበት ሰው ወራትና ዓመታት ያልፉበታል።

ኮሶ የጠጣች አያት የምታውቀው አንድ ነገር ለዛሬው ምርመራ ይጠቅማል። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ፣ ያለበት ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ጠንካራ ምግብ ትቶ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጠጥቶ፣ አንጀቱን ባዶ አድርጎ መቅረብ አለበት። ይህን ለገጠር ሽማግሌ ማስረዳት ይከብዳል የሚል ሰው፣ ኮሶ ተጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ቤት የተዋለበትን ዘመን ረስቷል።

እ.ኤ.አ. በ1894 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በባሌ ምድር አልፏል። አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ የተባለው ይህ ሰው ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲያቀና ሼክ ሁሴን ደረሰ፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻም አየ፣ ያየውንም በኋላ በመጽሐፍ አወጣ። አላፊ ሐኪም ትኩሳት ያያል፣ ቁስል ያያል፣ ዓይን ያክማል። በአንድ ቤት ውስጥ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ በሽታ ግን ለአላፊ አይገለጥም። እሱን ለማየት ሦስት ትውልድ መቀመጥ ወይም ሦስት ትውልድ የተቀመጠን ሰው መጠየቅ ይጠይቃል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1895፣ በስሚዝ አገር ውስጥ ይህ ጥያቄ ተጠየቀ። ጠያቂው ሌላ ሐኪም፣ መላሿም ልብስ ሰፊ ናት። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ሊቅ የነበረው አልድሬድ ዋርቲን የሚያውቃት ይህች ሴት ተክዛ አገኛትና ምን እንደሆነች ቢጠይቃት፣ እኔም እንደ ዘመዶቼ በሆድ ወይም በማህፀን ካንሰር ገና በወጣትነቴ እሞታለሁ አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን አጽናንቶ ይሸኛት ነበር። ዋርቲን ግን ቃሏን እንደ መረጃ ወሰደው። እሷም ዘመዶቿን እየጠየቀች፣ ማን መቼ በምን እንደሞተ እያሰባሰበች ረዳችው። ከጀርመን ፈልሶ ሚሺጋን የሰፈረውን ይህን ቤተሰብ «ቤተሰብ ጂ» ብሎ ሰይሞ ጥናቱን በ1913 አሳተመ። ልብስ ሰፊዋም እንደተናገረችው በማህፀን ካንሰር በ40ዎቹ ዕድሜዋ ሞተች።

የዋርቲን ግኝት ለግማሽ ክፍለ ዘመን ሰሚ አጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኔብራስካ ውስጥ ሔንሪ ሊንች የተባለ ወጣት ሐኪም በመጠጥ የተጎዳ ሕመምተኛ ገጠመው። ለምን እንደሚጠጣ ሲጠየቅ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በአንጀት ካንሰር እንዳለቀና እሱም እንደማይተርፍ ተናገረ። ሊንች አን ክራሽ ከምትባል የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ጋር ሆኖ ዘመዶቹን ቤት ለቤት ጠየቀ፤ በ1966 ያሳተሙት ጽሑፍ ግን በብዙ ባልደረቦች ዘንድ ጥርጣሬ ነው የገጠመው። ካንሰር በአካባቢና በኑሮ ይመጣል እንጂ በዘር እንዴት ይሆናል የሚል ክርክር ነበር። ቆይቶ በሽታው በስሙ የተጠራለት ሊንች የዋርቲንን ቤተሰብ ጂንም እንደገና ከፍቶ ተከታተለ።

ለንደን ላይ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነበር። በ1925 የሴንት ማርክስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሎክሃርት-መመሪ ፖሊፕ የበዛባቸውን ሦስት ቤተሰቦች ዘገበ። በዚያው ዘመን ሆስፒታሉ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን መዝግቦ መያዝ ጀመረ። መዝገቡን ለአሠርት ዓመታት የጠበቀው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ የገባ ቡሲ የሚባል ሰው ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ወገን፣ የእናት ወገን፣ ማን ተመረመረ፣ ማን ቀረ። መዝገቡ ወደ ሐኪም የሚጠራው የታመመውን ብቻ አልነበረም፣ ያልታመሙትን ወንድሞቹንና ልጆቹንም ነበር። ታሞ በመጣውና ሳይታመም ተጠርቶ በመጣው መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዘረ-መል ታሪክ ፈጣን ነው። በ1987 የፖሊፖሲሱ ምንጭ አምስተኛው ክሮሞዞም ላይ መሆኑ ታወቀ፤ በ1991 ኤፒሲ የተባለው ዘረ-መል ተለየ፤ በ1993ና በ1994 ሊንች ሲንድሮምን የሚያመጡት ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤልኤች1 ተከተሉ። የሚሺጋኑ ቤተሰብ ደም በ2000 ተመርምሮ ኤምኤስኤች2 ላይ የተበላሸው ቦታ ተገኘ። ልብስ ሰፊዋ ያለችው ነገር በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

አፍሪካስ? ኡጋንዳ ለዓመታት የሠራው ዴኒስ በርኪት የተባለ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በ1960ዎቹና 70ዎቹ፣ በገጠር አፍሪካ የአንጀት ካንሰርም ፖሊፕም እምብዛም እንደማይታይ ልብ አለ። ምክንያቱ አሰር የበዛበት ምግብ ነው ሲል ጻፈ፤ ሐሳቡም ዓለምን አዳረሰ። ለእኛም የሚያኮራ ነገር ሆነ። ገብሱ፣ ጤፉ፣ ማሽላው፣ ባሌ ላይ ጨጨብሳውና ጩኮው ጠባቂያችን ሆነው ተቆጠሩ። በርኪት ያየው ነገር ለብዙው ሕዝብ እውነትነት አለው። ከመልካሙ ሐሳብ ጥላ ሥር ግን ሌላ ሐሳብ በቀለ፤ የአንጀት ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል። በዘር ለመጣው ደግሞ ምግብ ብቻውን ጋሻ አይሆንም። ሊንች ሲንድሮም ያለባቸው 861 ሰዎች በተሳተፉበት ካፕ2 በተባለው ጥናት፣ አሰር መሰል ስታርች መውሰድ የአንጀት ካንሰርን አልቀነሰም፤ በየቀኑ አስፕሪን መውሰድ ግን በዓመታት ሂደት በግልጽ ቀነሰው። (አስፕሪኑ ጨጓራ ስለሚያደማ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚጀመር አይደለም።)

የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ሲጀምር የፈረንጅ በሽታ የሚለው አባባል ተናጋ። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በወንዶች ላይ ግንባር ቀደም ከሆኑት መካከል ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞችም ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ከ50 ዓመት በታች ነው፣ ዘግይቶም ይመጣል ይላሉ። እዚህ ላይ መቸኮል አልፈልግም። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት ስለሆነ ወጣት ሕመምተኛ መብዛቱ ብቻውን የዘር ምስክር አይደለም። ቢሆንም በደንብ በተጠኑ አገሮች ከሚገኘው የአንጀት ካንሰር ከመቶው ሦስት ያህሉ ሊንች ሲንድሮም ነው፤ እኛ ዘንድ የማይኖርበት ምክንያት አይታየኝም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ቤተሰቡ ይቆጠራል፣ እዚህ እያንዳንዱ ሕመምተኛ እንደ ብቸኛ ሰው ይታከማል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሁለት አሠርት ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ወረፋው ሲረዝም፣ «ወንድሞችህስ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ከየት ይመጣ ነበር?

እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የሚነሣው ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነው። «ልክ እንደ እህቷ ሄደች» ይባላል። «አባቱም በዚሁ ዕድሜው ነው የወደቀው።» ሚሺጋን ላይ ልብስ ሰፊዋ የተናገረችው ይኸው ነው። ሰሚው ግን ለቅሶ ተቀማጭ ስለሆነ ነገሩ ወደ እርግማን፣ ወደ ዓይን፣ «አንድ ነገር አድርገውባቸው ነው» ወደሚል ሐሜት ይሄዳል። ወይም ዝም ይባላል። ለዝምታው ምክንያት አለው። «በዘራቸው አለ» የሚለው ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ ሆኖ ሳለ በዘር ነው ተብሎ፣ የታማሚ ልጆች ትዳር ሲከለከሉ ኖረዋል። ሴት ልጅ ያለችው አባት የወንድሙን የአንጀት ካንሰር ቢደብቅ ክፋት አይደለም፤ ይህን ታሪክ ያስታውሳል ማለት ነው።

ስለዚህ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባትም ሆነ ኦሮሞው ከጎሳው ውጭ ማግባቱ ጥበብ አለበት። ሕመሙ እንዲገለጥ ከሁለቱም ወላጆች መወረስ ያለባቸውን በሽታዎች ይቀንሳል፤ በ2002 የታወቀውና ሙቲዋይኤች ከተባለ ዘረ-መል የሚመጣው የፖሊፕ ዓይነት አንዱ ነው። ለፖሊፖሲስና ለሊንች ግን ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ በቂ ነው። የቱንም ያህል ሩቅ ሄደው ቢያገቡ አያመልጧቸውም፤ ያንን ቤተሰብ ከጋብቻ በማግለልም የሚጠበቅ ሰው የለም። ዘረ-መሉን የተሸከመች ልጅ በጊዜ ከተመረመረች ወልዳ፣ አሳድጋ፣ አርጅታ መኖር ትችላለች።

ፊንላንድ ይህን በቁጥር አሳይታለች። እዚያ ተመራማሪዎቹ የሊንች ቤተሰቦችን ዘር የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን መዛግብት ነው። ከዚያም 133 ሰዎች በየሦስት ዓመቱ እየተመረመሩ፣ 119 ደግሞ ሳይመረመሩ ለ15 ዓመት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ በ2000 ወጣ። ካልተመረመሩት 19 ሰዎች የአንጀት ካንሰር ያዛቸው፣ 9ኙ ሞቱበት። ከተመረመሩት 8 ያዛቸው፣ በእሱ የሞተ የለም። ዛሬ ምርመራው ከ20 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየአንድና በየሁለት ዓመቱ እንዲደረግ ይመከራል፤ ለፖሊፖሲስ ቤተሰብ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ዓመት ጀምሮ።

ፊንላንድ ሀብታም ናት ለሚል፣ ደቡብ አፍሪካ አለች። በሰሜናዊ ኬፕ ጠረፍ በትናንሽ ከተሞች በሚኖሩ ቤተሰቦች ውስጥ አንድ ዓይነት የኤምኤልኤች1 ጉድለት ተገኘ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሕመምተኞቹን ወደ ግሩተ ስኹር ሆስፒታል አልጠሩም፤ መሣሪያውን መኪና ላይ ጭነው በየዓመቱ ራሳቸው ሄዱ። በ2009 ያሳተሙት ጥናት የተመረመሩት ካልተመረመሩት የተሻለ ዕድሜ እንደኖሩ ያሳያል። ይህ ለጊኒር ቅርብ ምሳሌ ነው። ከጊኒር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለታመመ ሰው ይህ መንገድ ከባድ ነው፣ ምንም ላልታመመ ወንድሙ ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። በዓመት አንድ ሳምንት ኮሎኖስኮፒ ይዞ የሚወጣ ቡድን፣ ማንን እንደሚጠራ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ሕልም አይደለም።

ማንን እንደሚጠራ የሚታወቀው ግን እንዴት ነው? የእኛ ሐኪም ቤት ካርድ ላይ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይጻፋል። የቤተሰብ የጋራ ስም ስለሌለን፣ የአንድ አያት የልጅ ልጆች በወንድም በእህትም ተበታትነው ሲታከሙ ካርዶቻቸው አይገናኙም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላው የሚይዙት የቤተሰብ ፎልደርም የሚመዘግበው በአንድ ጣራ ሥር ያለውን ነው። ክትባቱ፣ እርግዝናው፣ መጸዳጃ ቤቱ ይገባበታል፤ ትልቅ ሥራ ነው። በሽታው ግን በጣራ አይወሰንም፤ ያገባች ልጅ የተወለደችበትን ዘረ-መል ይዛ ወደ ሌላ ፎልደር ትሄዳለች። አንድ መስመር ቢጨመርበት እላለሁ፤ «ከ50 ዓመት በፊት በአንጀት ወይም በማህፀን ካንሰር የሞተ ወይም የታከመ ዘመድ፣ በእናትም በአባትም»። ሐኪሞች ለሊንች የሚጠቀሙበት የአምስተርዳም መመዘኛ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሦስት ዘመዳሞች፣ ሁለት ተከታታይ ትውልድ፣ ቢያንስ አንዱ ከ50 በታች።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉት ልጆቻችንም የዚህ ቆጠራ አካል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም ሰው በ45 ዓመቱ ምርመራ እንዲጀምር ይመከራል፤ ሐኪሙም «በቤተሰብህ አለ?» ይላል። መልሱ ያለው ሮቤና ጊኒር ካሉት እናት ዘንድ ነው። እዚያ የተገኘው ውጤት ደግሞ እዚህ ላሉት ወንድሞች መድረስ አለበት። ብሩ እንደሚላክ ሁሉ ይህም መላክ አለበት።

የዘር ቆጠራችንን ሳስብ ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። የጎሳው ሐረግ የሚወጣው በአባት ነው። ሽማግሌው አሥር አባቶችን ይዘልቃል፤ እህቶቻቸው በቆጠራው ውስጥ የሉም። ዘረ-መሉ ግን ለእህቶቹም እኩል ይደርሳል፤ እነሱ ላይ ደግሞ በማህፀን በኩል ሊገለጥ ስለሚችል፣ የአባት እህት የሞተችበት በሽታ ከወንድሟ ጋር አንድ መሆኑን ማንም አይጠረጥርም። በዚህ ረገድ በሁለቱም ወገን የሚቆጠረው ሰባት ቤት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ለሠርግ ተነሥቶ ሠርጉ ሲያልቅ ይረሳል። አንድ ጤና መኮንን ጊኒር ላይ አዛውንቱን «ኦቦ፣ የአባትዎ እህትስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ስሟ ይታወሳል። «እሷማ ጎሮ ተድራ እዚያው ቀረች» ተብሎ ግን ይታለፋል። ጎሮ ደግሞ ከጊኒር ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ልጆቿም ዛሬ እዚያው ይኖራሉ።